ከፀሐይ ጋር ላደጋችሁ

ልጆቼ፣ ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ አንዲት ከካልሲ ስለተሠራች አሻንጉሊት ቀጭኔ ነው። አንገቷ ረዥም፣ ዕድሜዋ 6 ዓመት፣ ስሟ ፀሐይ። የልጆች ዝግጅቷ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» በ1999 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሲጀመር የአራትና የአምስት ዓመት ልጆች የነበራችሁ፣ ዛሬ እናንተው መምህራን ሆናችኋል። አንዳንዶቻችሁም ወልዳችኋል። እኔ ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ሕፃናት በማስተማር ነው፤ እዚሁ ከኮተቤ ወዲያ፣ ካራ። ከዚያች አሻንጉሊት ብዙ ነገር ስላገኘሁ ለእናንተም ላካፍላችሁ።

ያኔ ካራ የከተማው ጫፍ ነበር። በአንድ በኩል አዲስ ቤት ይገነባል፣ በሌላ በኩል ባህር ዛፍና ማሳ ይታያል። ቴሌቪዥን በየቤቱ አልነበረም። ያለው ሰው ሳሎን በጎረቤት ልጆች ይሞላል፣ በሩ ላይ ጫማ ይከመራል። መሀል ላይ መብራት ከጠፋ ሁሉም በአንድ ድምፅ «ኤጭ!» ነው። ከዚያ ክፍል ስገባ ወሬው እሷ ናት። «ቲቸር፣ ፀሐይን አየሻት?» ይሉኛል። እጃቸውን የማይታጠቡት ሁሉ በፀሐይ ምክንያት ውኃው ጋ ይሰለፉ ነበር።

እኔ ልጅ ሳለሁ የነበሩን አባባ ተስፋዬ ናቸው። ተስፋዬ ሣህሉ በ2009 ዓ.ም. አረፉ፤ ነፍሳቸውን ይማር። ተረት ሲነግሩን አፋችንን ከፍተን ነበር የምንሰማቸው። ትልቅ ሰው ይነግራል፣ ልጅ ያዳምጣል። ይህ ወጋችን ነው፤ እወደዋለሁ። ፀሐይ ግን አንድ ነገር ጨመረችበት። እሷ ራሷ ልጅ ናት። ስለማታውቅ ትጠይቃለች። ብዙ የሚጠይቅ ልጅ «ምላሳም» ተብሎ በሚገሠጽበት ሰፈር፣ ጠያቂ ልጅ በቴሌቪዥን ስትወደድ ማየት ቀላል ነገር አልነበረም። እኔ ክፍል ውስጥ ለውጡን በዓይኔ አይቻለሁ። ዝም ብለው የሚቀመጡት ሴቶች ልጆች እጅ ማውጣት ጀመሩ።

ፀሐይን የፈጠረችው ብሩክታዊት ጥጋቡ ቀድሞ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነበረች። ከባለቤቷ ከሼን ጋር ሥራውን የጀመሩት ቤታቸው ውስጥ ነው። ያ ሥራ በፈረንጆቹ 2008 የጃፓኑ ብሮድካስት ድርጅት ኤን ኤች ኬ ለትምህርታዊ ዝግጅቶች የሚሰጠውን ሽልማት አገኘ። ሙያችን ያፈራው ነገር ስለሆነ እኛ መምህራን እንደ ራሳችን ነው የተደሰትነው።

እናንተም እንደ ፀሐይ ያለ የእጅ አሻንጉሊት ሥሩ። ንጹሕ ካልሲ፣ ለዓይን ሁለት የልብስ ቁልፍ፣ መርፌና ክር ይበቃል። አራቱ ጣቶቻችሁ ላይኛው መንጋጋ ናቸው፣ አውራ ጣት ደግሞ ታችኛው። ስታናግሩት አውራ ጣታችሁን ወደ ታች አውርዱ እንጂ አራቱን ወደ ላይ አታንሱ፤ አለበለዚያ አሻንጉሊቱ ጣሪያ ጣሪያ ያያል። የእጃችሁን አንጓ ጎንበስ አድርጉት፣ ልጆቹን ይይ። አፋችሁን ለመደበቅ አትጨነቁ። እናንተ አሻንጉሊቱን ካያችሁ እነሱም እሱን ነው የሚያዩት።

አሁን ዋናው ነገር ይኸውላችሁ። ወጣት መምህራን አሻንጉሊት ሲይዙ ወዲያው ሁለተኛ አስተማሪ ያደርጉታል። ይመክራል፣ ያርማል፣ ይቆጣል። እባካችሁ ተዉ! ልጆቹ በቂ መካሪ አላቸው። የናንተ አሻንጉሊት ከልጆቹ ያነሰ ይወቅ። «ሀ»ን እና «ሐ»ን ያምታታ። ከሦስት ቀጥሎ አምስት ይበል። ያን ጊዜ ክፍሉ ሁሉ ተነስቶ ያስተምረዋል። ለእናንተ ድምፁን አሰምቶ የማያውቅ ዓይናፋር ልጅ እንኳ ለካልሲ ያወራል። እናንተን ፊት ለፊት ማየት ያስፈራዋል፣ አሻንጉሊቱ ግን አያስፈራውም፤ ቢሳሳት ማን ይቆጣዋል? እንዲህ ያለ ልጅ ሲያወራ አታቋርጡት። ስሙንም ጠርታችሁ «ጎበዝ፣ ዛሬ ተናገርክ!» አትበሉት፤ ይደነግጥና ተመልሶ ይዘጋል። አሻንጉሊቱ ያመስግነው፣ ይብቃ።

በስልካችሁ ቀርጻችሁ ኢንተርኔት ላይ መልቀቅ የምትፈልጉም አላችሁ። ጥሩ ነው። መጀመሪያ ግን ልጆች ፊት ሞክሩት። የት ላይ እንደሚሰለቹ እነሱ ያሳዩአችኋል።

በየቀኑም አታውጡት። ካርቶን ውስጥ ይደር፣ ይናፈቅ። የት ሄደ ሲሏችሁ መልስ ይኑራችሁ፤ ሰንዳፋ አያቱ ጋ ሄዷል በሏቸው፣ ሲመለስ ስለ መንገዱ ይጠይቁት። ስሙን ደግሞ እናንተ አታውጡ፣ ለልጆቹ ተዉላቸው። ይከራከራሉ፣ ይጮኻሉ፣ አንዷ ታኮርፋለች። አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ቢወስድም ይውሰድ።