ሰፈሩ የሚሰድበው ሠራተኛ አይቆይም

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደግሜ አነበብኩት። በአንድ ትንሽ ከተማ የውሃ አገልግሎት የሰው ሀብት ባለሙያ ነሽ። ቧንቧ ሠራተኞችና የፓምፕ ኦፕሬተሮች ሥራውን በለመዱ ማግስት ጥለው ይሄዱባችኋል። ደሞዝ መጨመር ደግሞ በእጅሽ አይደለም። «ታዲያ ምን ብናደርግ ይቆያሉ?» ነው ያልሽው።

ነዋሪነቴ ጎንደር ነው። የጥገና ቡድን በተለያዩ ከተሞች መርቻለሁ። ብዙ ሰው ነገሩ ሁሉ ደሞዝ ነው ይላል። ኑሮው እሳት በሆነበት ጊዜ ይህን መካድ አይቻልም። ግን በአንድ ዓይነት ደሞዝ አንዱ ሲለቅ ሌላው ለምን ይቆያል? እኔ እንዳየሁት ቧንቧ ሠራተኛን ከሥራው የሚያባርረው ስድብ ነው። የአለቃ ስድብ ማለቴ አይደለም፤ የሰፈር ስድብ ነው።

ጎንደርን እንይ። አንገረብ ግድብ ደለል ይዞታል፣ ከተማው ደግሞ በየአቅጣጫው እየሰፋ ነው። ስለዚህ ውሃ በፈረቃ ነው። ፈረቃ ደግሞ በራሱ አይሠራም። አንድ ሰው መክፈቻ ይዞ ሄዶ የአንዱን ሰፈር ቫልቭ ይዘጋል፣ የሌላውን ይከፍታል። ያ ሰው የሚኖረው እዚያው ሰፈር ነው። እድሩም፣ ማኅበሩም፣ የልጆቹ ትምህርት ቤትም እዚያው ነው። ጀሪካን ደርድራ ያደረች ጎረቤት ጠዋት ስታየው «ዛሬስ ለማን ሸጥከው?» ትለዋለች። ለቅሶ ቤት ገብቶ ቁጭ ሲል ወሬው ወደ ውሃ ይዞራል። እሱ ግን ፈረቃውን አላወጣም። ፓምፑ ለምን እንደቆመ እንኳ የነገረው የለም።

ሌላ ከተማ ስሠራ አንድ ጎበዝ ልጅ ነበረን። ማታ ከተማው ጸጥ ሲል የብረት ዘንግ ቧንቧው ላይ ያስደግፍና ጆሮውን ይለጥፍበታል። ከዚያ «እዚህ ጋ ቆፍሩ» ይላል። ስንቆፍር ፍሳሹ እዚያው ነው። መሣሪያ የሌለው መሥሪያ ቤት እንዲህ ዓይነቱን ሰው ከየት ያመጣል? ልጁ ለቅቆ ባጃጅ መንዳት ጀመረ። ገቢው ተሽሎ እንደሆነ ጠየቅኩት። «ያው ነው፤ ግን አሁን ሰው ሰላም ይለኛል» አለኝ።

ስለዚህ መጀመሪያ የምትነኪው ይህን ነው። የትኛው ፓምፕ ቆመ፣ የትኛው ሰፈር ዛሬ አያገኝም፣ መቼ ይመለሳል? ይህን ሠራተኛው ከሕዝቡ ቀድሞ ይስማ። ጠዋት መሣሪያ ሲረከቡ ቆም ብሎ መንገር በቂ ነው፤ ስብሰባ አያስፈልገውም። የፈረቃው ፕሮግራም በሥራ አስኪያጁ ፊርማና ማኅተም ቀበሌው ላይ ይለጠፍ፣ ለእድር ዳኞችም ይሰጥ። የሚደወልበት ስልክ የቢሮው ይሁን፣ የቧንቧ ሠራተኛው የግል ስልክ አይሁን። ፈረቃው ሲዛባ ደግሞ ሕዝቡ ፊት ቆሞ የሚያስረዳው ኃላፊው ነው። ኃላፊዎች ይህን አይወዱትም፣ አውቃለሁ። ቢሆንም አንድ ቀን ከቫልቭ ከፋቹ ጋር በእግሩ የዞረ ሥራ አስኪያጅ በማግስቱ ፕሮግራሙን በሰዓቱ ሲያወጣ አይቻለሁ።

ሁለተኛው የትርፍ ሰዓት ነው። ደሞዝ መጨመር ባትችሉ የሠራበትን አታስቀሩበት። ሠራተኞቻችሁ የሚተዳደሩት በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ከሆነ ትርፍ ሰዓት ከመደበኛው የሰዓት ክፍያ ቀን ላይ 1.5፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን 2፣ በሕዝብ በዓል 2.5 እጥፍ ይታሰባል። እዚህ ጥምቀትን ማየት ነው። ጥር 11 ከተማው ነጭ ለብሶ ፋሲለደስ መዋኛ ሲተም፣ ሆቴሉ ሁሉ በእንግዳ ሲሞላ፣ የፓምፕ ኦፕሬተር ጄነሬተር አጠገብ ነው። ያንን ሰዓት ሠርቶ ክፍያው እስከ ፋሲካ ከዘገየበት የሚቀጥለውን ጥምቀት እናንተ ጋ አይጠብቅም። የሚያናድደው የብሩ ማነስ ብቻ አይደለም፤ ፎርሙ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲንከራተት ማየቱ ነው። ተከታትለሽ የምታስፈርሚው አንቺ ነሽና ይሄኛው በእጅሽ ነው።

የዓመት ፈቃድም እንደዚሁ። ክረምት ላይ ውሃው ይደፈርሳል፣ ውሃውን የሚያጠራው ኬሚካል፣ የአልሙ መጠን ይጨምራል፣ ማጣሪያው ቶሎ ቶሎ መታጠብ ይፈልጋል። በጋ ላይ ደግሞ ፈረቃው ይከብዳል። «ሥራ ሲቀንስ ትወጣላችሁ» የሚባለው ወቅት የለም። ፕሮግራሙን መስከረም ላይ አውጥታችሁ አትንኩት። ቦት ጫማ፣ ጓንት፣ ለክሎሪን ክፍሉ ጭምብል አሟሉ፤ በዚህ ላይ ክርክር አያስፈልግም።

አንድ ነገር ግን ተዉ። ሰው እንዳይሄድ ብሎ የሥራ ልምድ ደብዳቤ መከልከል። በዚሁ አዋጅ ሠራተኛው ሲጠይቅ በነጻ የመስጠት ግዴታ አለባችሁ። ከሕጉ በላይ ደግሞ ወሬው ይጎዳችኋል። «እዚያ ከገባህ አያስወጡህም» ከተባለ ጎበዝ ልጅ አይመዘገብም። የሙያ ብቃት ምዘና እንዳይፈተኑ ማድረግም ያው ነው። ሲኦሲ፣ ማለትም የምዘናው የምስክር ወረቀት፣ ስላለው የሄደ ጥቂት አይቻለሁ፤ አሳድጉኝ ሲል የሚሰማው አጥቶ የሄደ ግን ብዙ ነው።

የፓምፕ ሞተርና ኤሌክትሪክ የሚጠግኑትን ኤሌክትሮ መካኒኮች በተመለከተ እውነቱን ልንገርሽ፤ ጎበዙን አታቆዩትም። ፋብሪካና ኮንትራክተር የሚከፍለውን እናንተ አትከፍሉም። ገና እናንተ ጋ እያለ አንድ ረዳት አብሮት መድቡለት። የፓምፖቹን ሽቦ አሠራር በወረቀት ያስቀምጥላችሁ። ሲሄድ ቡና አፍልታችሁ በደንብ ሸኙት። ሌሊት ሞተር ሲቃጠል ደውላችሁ የምትጠይቁት እሱን ነውና።