ቢያፍራ እውቅና አግኝታ ለምን ወደቀች?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ከናይጄሪያ ተገንጥላ የነበረችው የቢያፍራ መሪ ኦጁኩ በ1960 ዓ.ም. አዲስ አበባ መጥተው በአፍሪካ አዳራሽ ንግግር ማድረጋቸውን አባቴ ያጫውተኝ ነበር። እውቅና የሰጧት አገሮች ነበሩ፤ ፈረንሳይም ትረዳት ነበር ይባላል። ታዲያ ለምን ሳይሆንላት ቀረ? (ከደሴ)

መልስ፦ አባትህ ልክ ናቸው። እውቅናው የመጣው በአርባ ቀን ውስጥ ነው፤ በ1960 ሚያዝያና ግንቦት ታንዛኒያ፣ ጋቦን፣ አይቮሪ ኮስትና ዛምቢያ ተከታትለው ሰጡ። በዓመቱ ሄይቲ ተጨመረች፤ በዚያው አበቃ። የታንዛኒያውን ፕሬዚዳንት ኔሬሬን ያንገበገባቸው በሰሜን ናይጄሪያ በኢግቦዎች፣ ማለትም በአብዛኛው የቢያፍራ ሕዝብ ወገኖች ላይ የደረሰው እልቂት ነበር። ጋቦንና አይቮሪ ኮስት ግን የፓሪስን ዓይን እያዩ የሚራመዱ ነበሩ።

እኔን የሚያናድደኝ የፓሪስ ነገር ነው። ሐምሌ 24 ቀን 1960 የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት የደጎል መንግሥት ጉዳዩ በሕዝቦች የራስን ዕድል በራስ የመወሰን መብት መሠረት ይፈታ የሚል መግለጫ አወጣ። የአዲስ አበባው ድርድር የተከፈተው በአምስተኛው ቀን ነው! ሰብሳቢው ጃንሆይ ነበሩ። ኦጁኩ ረጅም ንግግር አሰምተው ብዙም ሳይቆዩ ተመለሱ፤ የናይጄሪያው መሪ ጎዎን ጭራሽ አልመጡም፣ ልዑካናቸውን የመሩት አንቶኒ ኢናሆሮ ናቸው። ናይጄሪያ መጀመሪያ አንድነቱን ተቀበሉ አለች፤ ቢያፍራ መጀመሪያ ተኩስ ይቁም አለች። ድርድሩ ያለ ውጤት ተበተነ። በእኔ ግምት ያ መግለጫ የቢያፍራን ሰዎች ልብ አደንድኗል፤ ነገ ፓሪስ እውቅና ትሰጠኛለች ብሎ የሚጠብቅ ሰው ዛሬ ምን አስጨንቆት ይደራደራል? እውቅናው አልመጣም። የመጣው በጋቦንና በአይቮሪ ኮስት በኩል በስውር የሚገባ መሣሪያ ነበር፤ ጦርነቱን ለማራዘም የሚበቃ፣ ለማሸነፍ የማይበቃ።

ናይጄሪያን ደግሞ እንግሊዝም ሶቪየት ኅብረትም አስታጠቋት። በሌላው ሁሉ የማይስማሙት ሁለቱ እዚህ ላይ አንድ ሆኑ። አብዛኞቹ የአፍሪካ መንግሥታት በበኩላቸው የመገንጠል ጥያቄ ነገ እኔም ቤት ይመጣል ብለው ይፈሩ ነበር። በ1961 መስከረም በአልጀርሱ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ጉባኤ 33 አገሮች የናይጄሪያን አንድነት ደግፈው ድምፅ ሲሰጡ የተቃወሙት እነዚያው አራቱ ብቻ ነበሩ። ጃንሆይስ ቢሆኑ? ኤርትራ ውስጥ ነፍጥ ያነሳ እንቅስቃሴ እያለባቸው ለተገንጣይ ይፈርዳሉ ብሎ የጠበቀ ካለ የዋህ ነው።

ኦጁኩ በጥር 1962 ሲሸሹ የተቀበለቻቸው አይቮሪ ኮስት ናት። እውቅናዋ ለእሳቸው መጠጊያ ሆነ፤ ቢያፍራ ግን በቀናት ውስጥ እጇን ሰጠች።