ጥያቄ አለኝ፦ የሱ ፈተና ሲሆን ጉዞው ቀረ፣ የኔ ሲሆንስ?

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሦስቱን መርጫለሁ። የመጀመሪያው ሰፋ ያለ መልስ ስለሚፈልግ አብዛኛውን ገጽ ለሱ ሰጥቻለሁ።

ጥያቄ፦ ሰላም ለእርስዎ ይሁን እህታችን። እኔና ባለቤቴ የተጋባነው ባለፈው ጥር ነው። ሐዋሳ፣ አቶቴ ውስጥ አንድ ክፍል ቤት ተከራይተን እንኖራለን። እኔ የሚድዋይፈሪ (የአዋላጅነት) ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። እሱ የግል ትምህርት ቤት ውስጥ ሒሳብ ያስተምራል፤ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ሁለተኛ ዲግሪውን ይማራል። የተዋወቅነው በተማሪዎች ፌሎሺፕ ነው። ያኔም ቢሆን ሕልማችን አብረን ወንጌል ይዘን መውጣት ነበር።

ቤተ ክርስቲያናችን በግንቦት ወደ ደቡብ ኦሞ፣ ዲመካ አካባቢ ለሁለት ሳምንት ቡድን ትልካለች። እኛም ተመርጠናል። ግን ግንቦትን ሙሉ ሆስፒታል አታችመንት (የተግባር ልምምድ) ላይ ነኝ። በየካቲትም እንዲሁ ጉዞ ነበር፤ ያኔ የባለቤቴ ፋይናል ስለደረሰ ቀረን። አሁን የኔን ስነግረው «ለጌታ ሥራ አንድ ሴሚስተር ብትዘገዪ ምን አለበት? እሱ ይከፍልሻል» ይለኛል። መልስ አጣለሁ። ዝም እላለሁ። ማታ ግን እንቅልፍ አይወስደኝም። እምነቴ ጎድሎ ይሆን? — ታናሽ እህትዎ፣ ከአቶቴ

መልስ፦ እህቴ፣ እምነትሽ አልጎደለም። የየካቲቱንና የግንቦቱን ጎን ለጎን አድርገሽ እዪው። በየካቲት እሱ ፈተና ነበረው፣ ጉዞው ቀረ፣ ማንም የእምነት ጥያቄ አላነሳም። ትክክልም ነበር። በግንቦት ተራው ያንቺ ሲሆን ግን ነገሩ የእምነት ጉዳይ ሆነ። ይኼ ልክ አይደለም። አንቺም ዝም ማለትሽን ተዪ። ደብዳቤው ላይ የጻፍሽልኝን ቁጭ ብለሽ ለሱ ንገሪው።

ቀጥሎ ያለውን ለባለቤትሽ ነው የምጽፈው፤ ገጹን ስጪው።

ወንድሜ፣ ለወንጌል ያለህን ቅናት እወድልሃለሁ። ከነሚስትህ ለመውጣት መፈለግህም ደስ ይለኛል። «አንድ ሴሚስተር ምን አለበት» የምትለው ነገር ግን አልተዋጠልኝም። አታችመንት እንደ ጽሑፍ ፈተና አይደለም። ፈተና ያመለጠው ሰው ማስረጃ አቅርቦ፣ አስተማሪውን ለምኖ ሜካፕ (ምትክ ፈተና) ይፈተን ይሆናል። የአታችመንት ቀን የሚካካሰው ማዋለጃ ክፍል ቆሞ ነው። ሚስትህ በባለሙያ ክትትል ያዋለደቻቸው እናቶች አንድ በአንድ ሎግቡኳ (የልምምድ መዝገቧ) ላይ ተመዝግበው ይፈረምላታል። ያ ካልሞላ ሌላ ተራ እስኪመጣ ትጠብቃለች። ጓደኞቿ ያልፋሉ፣ እሷ ትቀራለች። ሴሚስተር ያልከው ዓመት ሊሆን ይችላል።

ከዚያ ዓመት በኋላ የሚመጣውንም አይቻለሁ። በዙሪያዬ ለአገልግሎት ብለው ትምህርታቸውን «ለጊዜው» ያቋረጡ እህቶች አሉ። ልጅ ተወለደ፣ ኪራይ ጨመረ፣ ሪአድሚሽን (ተመልሶ ለመግባት) መጠየቂያው ጊዜ አለፈ። ባሎቻቸው ዲግሪያቸውን ይዘው አገልግሎቱም አልቀረባቸውም። እነሱ ዛሬም ድረስ «እማር ነበር» ይላሉ። ይህ ነገር በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሲደጋገም ያመኛል። ጥሪው የሁለት ሰው ከሆነ ዋጋውም የሁለት ሰው መሆን አለበት።

እስቲ ማታ ማታ የሐዋርያት ሥራ 18ን አብራችሁ አንብቡ። አቂላና ጵርስቅላ ከሮም ውጡ ተብለው ቆሮንቶስ የገቡ ባልና ሚስት ናቸው። ሙያቸው ድንኳን መስፋት ነበር። ጳውሎስም የሙያ ባልደረባቸው ስለሆነ እነሱ ዘንድ ተቀምጦ አብሯቸው ይሠራ ነበር። በኋላ ከሱ ጋር እስከ ኤፌሶን ሄዱ። እዚያም አጵሎስን ወስደው የእግዚአብሔርን መንገድ በደንብ ያስረዱት ሁለቱም ናቸው። ያ ሰው የተማረና አንደበተ ርቱዕ ነበር፤ ጵርስቅላም ከአስተማሪዎቹ አንዷ ነበረች። ሙያዋ ለጉዞው እንቅፋት አልሆነም፤ ያኖራቸውም ያ ሙያ ነበር። የሚስትህም ሙያ እንደዚያ ነው። ለቆላ ገጠር፣ ፈቃድ ያላት አዋላጅ ምን ማለት እንደሆነች አስበው። ለሁለት ሳምንት ከምትሄድ ተማሪ ይልቅ ተመርቃ ለዓመታት የምትቀመጥ አዋላጅ ትበልጣለች።

ሌላም አለ። ዘዳግም 24፥5 ላይ አዲስ ያገባ ሰው ለአንድ ዓመት ወደ ጦርነት አይውጣ፣ ቤቱ ሆኖ ሚስቱን ደስ ያሰኝ ይላል። ለእናንተ ጉዞ የተጻፈ ሕግ ነው አልልም። ግን የመጀመሪያው ዓመት በእግዚአብሔር ፊት ክብደት እንዳለው ያሳየኛል። ብቻህን በግንቦት ሂድ የሚልህ ሰው ካለም እኔ በዚህ ዓመት ባትለያዩ እመርጣለሁ። ይኼ የኔ ምርጫ ነው፤ ሁለታችሁም ከልባችሁ ከተስማማችሁ ሌላ ነገር ነው።

አሁን ለሁለታችሁም። ለመሆኑ ለምን ግንቦት? በዚያ አካባቢ ቆላው ላይ ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው። ጭቃውም ወንዙም መኪና ያቆማሉ። እኛ ሐዋሳ ሆነን ክረምት ሲባል ሐምሌና ነሐሴን እናስባለን፤ እዚያ ቆላ ግን እነዚህ ወራት ደረቅ ይላሉ። ያን ጊዜ ደግሞ አንተ ያለህበት ትምህርት ቤት ዝግ ነው። አንቺም ዲፓርትመንትሽን ጠይቂ፤ የክረምት አታችመንት ከሌለብሽ ሐምሌ ክፍት ነው። ይህን ይዛችሁ የሚሲዮን ክፍሉን አስተባባሪ አነጋግሩ። «አንሄድም» ከማለት «በሐምሌ እንሄዳለን፣ ምክንያቱም ይኼ ነው» ማለት ይሻላል። ቡድኑ በግንቦት መሄዱ ካልቀረ ይሂድ። እናንተ ለሚቀጥለው ተመዝገቡ።

ቀኑ ሲቆረጥ እዚያ ያለችውን ቤተ ክርስቲያን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ይህን በጣም አጥብቄ ነው የምለው። ከከተማ የሚሄድ ቡድን ብዙ ጊዜ ፕሮግራሙን እዚህ ጨርሶ ነው የሚሄደው። ዲመካ ቅዳሜ ገበያ ነው። ቱርሚ ሰኞ፣ ቀይ አፈር ሐሙስ። በገበያ ቀን መንደር ውስጥ የቤት ለቤት ጉብኝት ብታወጡ ማንን ታገኛላችሁ? ሰው ሁሉ ከብቱን፣ ማሩን፣ እህሉን ይዞ ወጥቷል። ይህን የሚያውቀው እዚያ የሚኖር ወንጌላዊ ነው። እሱ «ገበያው ላይ አብራችሁኝ ዋሉ» ካላችሁ ዋሉ። «ጣሪያው ያፈሳል፣ እሱን እንሥራ» ካላችሁ ጣሪያ ውጡ።

የጉዞው ጎዳና የወላይታ ታሪክ ያለበት ነው። በሻሸመኔ፣ በአላባ፣ በሶዶ አልፋችሁ አርባ ምንጭ ታድራላችሁ፤ ከዚያ ኮንሶ ነው። ሶዶ ስትደርሱ መኪናው ውስጥ ላሉት ልጆች ይህን ንገሯቸው። ኤስ አይ ኤም የተባለው የውጭ የወንጌል ድርጅት ሚሲዮናውያን በ1920 ዓ.ም. ወላይታ ገቡ። ጣሊያን ሲመጣ በ1929 ዓ.ም. ለቀው ወጡ። ትተዋቸው የሄዱት የተጠመቁ አማኞች መቶ እንኳ አይሞሉም ነበር። ከነጻነት በኋላ ሲመለሱ አማኙ በሺዎች ነበር። ያም አልበቃ ብሎ የወላይታ ወንጌላውያን ወደ ጋሞ፣ ወደ ጎፋ፣ ወደ አሪ ወጡ። ብዙዎቹ ሚስትና ልጆቻቸውን ይዘው ነበር። መሬት ቆፍረው፣ የሰፈሩን ቋንቋ ተምረው፣ ሰው ሲሞት አብረው ለቅሶ ተቀምጠው ኖሩ። የሁለት ሳምንት ጉዞአችሁ በነዚያ ሰዎች ድካም ላይ የሚጨመር ትንሽ ነገር ነው። ትንሽ መሆኑን አውቃችሁ ሂዱ፤ ያኔ በደንብ ታገለግላላችሁ።

እህቴ፣ ላንቺ ብቻ አንድ ማሳሰቢያ። በሐምሌ ስትሄጂ «የጤና ተማሪ አለችን» ብለው ወረፋ ያሰልፉልሽ ይሆናል። እምቢ በዪ። ያለ ተቆጣጣሪ ባለሙያ አታክሚ፣ መርፌ አትውጊ፣ ከከተማ የተሰበሰበ መድኃኒት አታድዪ። ነፍሰ ጡር እናት ካገኘሽ ጤና ጣቢያ ድረስ አብረሻት ሂጂ፤ ክትትሏን እንድትጀምር አበረታቻት። እጇን ይዘሽ መንገዱን አብረሽ መሄድሽ ከምንም በላይ ያግዛታል። አጎበር ደግሞ ሁለታችሁም አትርሱ፣ ወባ አለ። ተመልሳችሁ ትኩሳት ከያዛችሁ፣ ሳምንታት ቢያልፉም፣ ቶሎ ተመርመሩ፤ የት እንደነበራችሁም ለሐኪሙ ንገሩት።

እስከዚያ ያለውን ኑሮ ደግሞ ቀለል እናድርገው። አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ተማሪ መኖር ቀላል አይደለም። አንዱ ሲተኛ ሌላው መብራት ይፈልጋል። እኔና ባለቤቴም ስንጋባ ሁለታችንም ተማሪዎች ነበርን፤ ከአልጋው እግር በኩል መጋረጃ ዘርግተን፣ ከመጋረጃው ወዲያ ትንሽ ጠረጴዛና አንድ ቻርጅ የሚደረግ መብራት አስቀምጠን ነበር የምናጠናው። የክፍሉ ትልቁ መብራት ሲጠፋ ጭቅጭቁም አብሮ ጠፋ።

ቤተ ክርስቲያን የምታሳትመውን የግድግዳ ካላንደር በሩ አጠገብ ስቀሉ። የሷን ፈተና፣ አታችመንትና የማታ ተረኝነት በቀይ እስክሪብቶ ጻፉ። የሱን በሰማያዊ። ኳየሩ፣ የጸሎት ፕሮግራሙ፣ ሠርጉ፣ ለቅሶው ከዚያ በኋላ ይገባል። ሰው «በዚህ ቀን ትመጣላችሁ?» ሲላችሁ አፋችሁ ላይ የመጣውን አትመልሱ። «ካላንደሩን አይተን እንነግርዎታለን» በሉ። ቀስ በቀስ ሰው ይለምደዋል።

ወንድሜ፣ ተረኛ ሆና ሌሊቱን ቆማ ያደረች ሴት ጠዋት ቤት ስትገባ ሽሮ ልታፈላ አይገባም። እንጀራ ከሰፈር ይገዛል። ሽሮ ማፍላት ሒሳብ አስተማሪን አያቅተውም። ይህን የምታደርግላት «ልርዳት» ብለህ አይደለም፤ ቤቱ ያንተም ስለሆነ ነው። እሁድ ከአምልኮ በኋላ ደግሞ ወደ ፍቅር ሐይቅ ወረድ በሉ። ስልካችሁን ዝጉ። ስለ አገልግሎት አታውሩ። ስለ ሎግቡክም እንደዚያው። ዝም ብላችሁ ተጫወቱ።

ጥያቄ፦ ልጄ ካገባ ዓመት ከመንፈቅ ሆነው። እሱም ሚስቱም ይማራሉ፣ በእረፍታቸው ደግሞ ለወንጌል ገጠር ለገጠር ይዞራሉ። ጎረቤት ሁሉ «የልጅ ልጅ መቼ ነው?» እያለ ይጠይቀኛል። ሁለቱን ቁጭ አድርጌ ልንገራቸው? — እናት፣ ከሐዋሳ ፒያሳ

መልስ፦ እናቴ፣ ጉጉትዎ ይገባኛል። ግን አይጠይቋቸው። ምናልባት ሁለቱ ተመካክረው ያዘገዩት ይሆናል። ምናልባትም እየፈለጉ እየጠበቁ፣ ማንም ሳያያቸው እያለቀሱ ይሆናል። በሁለቱም ቢሆን ጥያቄዎ ይከብዳቸዋል፣ በተለይ ለምራትዎ። ጎረቤት ሲጠይቅዎ «እግዚአብሔር በጊዜው ይሰጣል፣ አሁን እየተማሩ ነው» ይበሉና ወሬ ይቀይሩ። የሚያስቡላቸው ከሆነ ፈተና በሚደርስበት ሳምንት ወጥ ሠርተው በሰሐን ይላኩላቸው። ምራትዎ የልቧን ልታወራ ከፈለገች መጀመሪያ የምትመጣው ያኔ ወዳላስጨነቋት ሰው ነው።

ጥያቄ፦ እኛ አዳማ የምንማር የፌሎሺፕ ልጆች ነን። በክረምት ለወንጌል ወደ ገጠር ልንወጣ ነው። ልብስ እያሰባሰብን ነው፤ ሦስት ማዳበሪያ ሞልቷል። ሌላ ምን እንጨምር?

መልስ፦ አትጨምሩ፤ እንዲያውም ቆም በሉ። የምትሄዱበት ቤተ ክርስቲያን ልብስ ጠይቃችኋለች? ካልጠየቀች ደውሉና የሚያስፈልጋትን ጠይቁ። ብዙ ጊዜ የምትፈልገው ለወንጌላዊው ልጆች ደብተርና እስክሪብቶ፣ ወይም ለእንግዶች ማረፊያ ፍራሽ ነው። እሱንም ቢሆን ከአዳማ ከማጓጓዝ እዚያው የወረዳ ከተማ ገበያ ብትገዙ ገንዘቡ እዚያ ይቀራል፣ ለመኪናም ይቀላል። ያሰባሰባችሁትን ልብስ ለዩት። የተቀደደውንና የቆሸሸውን አውጡ። ደህናውን አዳማ ውስጥ ለሚያስፈልጋቸው ስጡ። ምግባችሁንም አስቡበት፤ አንድ የገጠር ቤተሰብ አሥር ተማሪ ለሳምንት እንዲመግብ አትፍረዱበት። ጤፉን፣ ሽሮውን፣ ዘይቱን ይዛችሁ ሂዱ፤ ለአስተናጋጇ እናት ከምግቡ ውጭ ለማገዶና ለውኃ የሚሆን ገንዘብ በመጀመሪያው ቀን ስጧት።