ሁለተኛ ዓመት ላይ ስለ ሥራ ማሰብ መፍጠን አይደለም

«ገና የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ ስለ ሥራ ሳነሳ ጓደኞቼ ‹መጀመሪያ ተመረቂ› እያሉ ይስቁብኛል፤ ፈጥኜ ይሆን?» ብለሽ ለጠየቅሽው እህቴ፦ አልፈጠንሽም። ትምህርት ክፍልሽን ባትጠቅሺም አካውንቲንግ ይመስለኛል። እኔም ከዚያው ነኝና የማውቀውን ልንገርሽ።

1. ክረምቱን ቤት ቁጭ ብለሽ አታሳልፊው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ነጋዴው ሒሳቡን ዘግቶ ግብሩን የሚያሳውቀው ከሐምሌ ጀምሮ ባሉት ወራት ነው። ተማሪ የሚያርፈውም ያን ጊዜ ነው። ደረሰኝ የሚለይለት፣ መዝገብ የሚያስገባለት ሰው የማይፈልግ ነጋዴ በዚያ ወቅት ብዙ አታገኚም። ተመርቀሽ ብትሄጂ ግን አብሮሽ የተመረቀው ሁሉ አንድ ዓይነት ወረቀት ይዞ እዚያው በር ላይ ቆሟል።

2. በትልቅ መሥሪያ ቤት ስም አትታለይ። ለተግባር ልምምድ የተጻፈልኝን ደብዳቤ ይዤ ስሙን ወደማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። የሰው ሀብት ኃላፊው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ ተቀበለና ጠረጴዛው ላይ አኑሮ የሻይ ብርጭቆውን አስቀመጠበት። «ነገ ነይ» አለኝ። በማግሥቱ ደብዳቤዬ ካለበት ንቅንቅ አላለም፤ የብርጭቆው ክብ ምልክት የዲኑ ፊርማ ላይ አርፏል። «ተማሪ ምን ይሠራልናል? ፎቶ ኮፒ ማንሣት ትችያለሽ?» ሲለኝ ደብዳቤዬን አንሥቼ ወጣሁ። እዚያ የሄዱት ሌሎች ተማሪዎች ግን ታግሠው ቀሩ፤ ጋዜጣ ሲያነቡ ከርመው ማኅተም አስመትተው ተመለሱ። ዛሬም ሳስበው ይከነክነኛል።

እኔ መርካቶ ገባሁ፤ አንድ የጨርቃ ጨርቅ አከፋፋይ ዘንድ። ክፍያው ከታክሲ አያልፍም ነበር። ነገር ግን ክፍል ውስጥ በሰሌዳ ብቻ ያየሁትን ፒችትሪ የተባለ የሒሳብ መዝገብ ሶፍትዌር በእጄ ነካሁት፤ 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ በየወሩ እንዴት እንደሚታወቅ፣ የገዢው የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር የሌለበት ደረሰኝ ምን ጣጣ እንደሚያመጣ አየሁ። የሱቁ ሒሳብ ሠራተኛ ቁጡ ሴት ነበሩ፤ የተሳሳትኩትን ገጽ ቀደው እንደገና ያስጽፉኛል። እግዚአብሔር ይስጣቸው።

አንድ ነገር ግን እወቂ፤ ማንም አይነግርሽም። ይህ ሥራ በወረቀት ላይ ልምድ ሆኖ ላይቆጠርልሽ ይችላል። ብዙ ማስታወቂያ «ከምረቃ በኋላ የተገኘ» እና «የሥራ ግብር የተከፈለበት» ይላል። የመርካቶውን ደብዳቤዬን ይዤ ሳመለክት የምዝገባ ሠራተኛዋ በሁለት ጣቷ ገፋ አድርጋ «ይህ ልምድ አይባልም» አለችኝ፤ ሰልፉ ሁሉ እየሰማ። እሺ፣ አይባል! በዜሮ ዓመት ልምድ ወደሚቀጥር ሌላ ድርጅት ሄድኩ። የተግባር ፈተናው ፔሮል፣ ማለትም የሠራተኞችን የደመወዝ ስሌት፣ መሥራት ነበር። ለጡረታ ከሠራተኛው ደመወዝ 7 በመቶ ይቀነሳል፤ 11 በመቶውን ደግሞ አሠሪው ከራሱ ይጨምራል። በማዕረግ የተመረቁ ልጆች 18ቱንም ከምስኪኑ ሠራተኛ ላይ ቀነሱ። እኔ ለቁጡዋ ሴትዮ በየወሩ የሠራሁት ነገር ስለነበር ከሁሉም ቀድሜ አስረክቤ ወጣሁ። የተቀጠርኩትም እኔ ነኝ።

3. የመውጫ ፈተናውን ልረሳው ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ 50 በመቶ ያላመጣ ዲግሪውን አያገኝም፤ አሁን የምትማሪያቸው ኮርሶችም ይመጡብሻል። ማስታወሻሽን ለታናናሾችሽ አድለሽ አትጨርሺ።

ሰኔ ሳይገባ ከትምህርት ክፍልሽ የትብብር ደብዳቤ አስጽፊ፤ ቅጂውን እየሰጠሽ ዋናውን አንቺው ያዢው። አዲስ አበባ ከሆንሽ ሰፈርሽን ጻፊልኝ፤ ለግብር ወቅት ተማሪ የሚያስጠጉ የማውቃቸው የሒሳብ ባለሙያዎች አሉ፣ እጠይቅልሻለሁ።