ስዕሉን ከማዘዛችሁ በፊት ወንበሩ ላይ ተቀመጡ

ውድ ልጆቼ፣

ሙያዬ አርክቴክትነት ነው። አብዛኛው ዕድሜዬ ያለፈው ግን አዲስ ሕንፃ በማቆም ሳይሆን ያረጁ ጤና ጣቢያዎችን በማደስ ነው። አሁን አሁን ወጣት ባለሙያዎች እየደወሉ «እድሳቱ አልቋል፣ ግድግዳው ላይ ስዕል ልናሠራ ነው፣ ምን ይመክሩናል?» ይሉኛል። ጥያቄው ደስ ይለኛል። «እድሳቱ አልቋል» የምትለዋ ነገር ግን ታስጨንቀኛለች።

ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። በሥራዬ የመጀመሪያ ዓመታት አንድ ጤና ጣቢያ አድሰን ጥቂት ገንዘብ ተረፈን። አምስት ሆነን ኮሚቴ አቋቋምን። ሰዓሊ መረጥን፣ ንድፉን ቢሮ ቁጭ ብለን አየን፣ ወደድነው። ስዕሉ በእውነት ያምር ነበር። ወንዝ አለው፣ ትልቅ ዛፍ አለው፣ ጥላው ስር ያረፉ ሰዎች አሉት። በምርቃቱ ቀን ሁላችንም ፎቶ ተነሣንበት።

ከስድስት ወር በኋላ ለሌላ ጉዳይ ወደዚያው ሄድኩ። ታካሚዎች ተራቸውን እየጠበቁ ነው። ሁሉም ጀርባቸውን ለስዕሉ ሰጥተዋል። ወንበሮቹን የደረደርነው ስዕሉ ያለበት ግድግዳ ስር ኖሯል። ፊት ለፊታቸው ያለው የመርፌ ክፍል በር ነው። በሩ በተከፈተ ቁጥር የሕፃን ለቅሶ ይወጣል፣ ተራ የሚጠብቁት ልጆች እናታቸው ጉያ ይወሸቃሉ። ስዕሉ ላይ ደግሞ፣ ሰው ጭንቅላቱን በሚያስደግፍበት ከፍታ፣ ከዳር እስከ ዳር የፀጉር ቅባት መስመር ሠርቷል። ወንዙን ለሁለት ቆርጦታል።

ያቺን መስመር እስካሁን አልረሳኋትም። ጥፋቱ የሰዓሊው አይደለም፣ የኛ ነው። ከአምስታችን አንዳችንም ወንበሩ ላይ ቁጭ ብለን አላየንም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራችሁ መቀመጥ ነው። ሥራ በሚበዛበት ጠዋት ሄዳችሁ ከታካሚዎቹ ጋር ሙሉ አንድ ሰዓት ተቀመጡ። ስልካችሁን ኪሳችሁ ክተቱት። ዓይናችሁ የት ያርፋል? ሰዎቹ ምን ያያሉ? ቁጥር የሚጠራባትን መስኮት ነው? የሐኪሙን በር ነው? ወለሉን ነው? ከዚያ የምርመራ አልጋው ላይ በጀርባችሁ ተኙ። እዚያ ግድግዳ የለም፣ ያለው ኮርኒስ ነው።

ይህን ከኔ በፊት የተረዱት አሉ። ፊንላንዳዊው አርክቴክት አልቫር አልቶ በፓይሚዮ የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን ማገገሚያ ሠርቷል። ሥራው ያለቀው እ.ኤ.አ. በ1933 ነው። ያኔ የሳንባ በሽታ ሕመምተኛ ለወራት ተኝቶ ነበር የሚታከመው። አልቶም ክፍሉን ያሰበው ቆሞ በሚያየው ጎብኚ ሳይሆን በተኛው ሰው ዓይን ነው። ኮርኒሱን ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ቀባው፣ ነጭ ዓይን ይወጋልና። መብራቱን ከተኛው ሰው ዓይን አራቀው። የእጅ መታጠቢያውን እንኳን ውኃው ሲወርድ ድምፅ እንዳያሰማ አድርጎ ነደፈው፣ ጎን ያለው ታካሚ እንዳይነቃ። አንድም ስዕል ሳይሰቀል ክፍሉ ሕመምተኛውን ያከብር ነበር። እናንተም ሰዓሊ ከመጥራታችሁ በፊት ይህን አስቡ።

ስለ መስኮትም አንድ ነገር ልበል። ሮጀር ኡልሪክ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1984 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ ያወጣው ጥናት አለ። የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን 46 ታካሚዎች መዝገብ አነጻጸረ። ግማሾቹ በመስኮታቸው ዛፍ ያያሉ፣ ግማሾቹ የጡብ ግድግዳ። ዛፍ የሚያዩት ቀድመው ወጡ፣ ጠንካራ ማስታገሻም ያነሰ ወሰዱ። ይህን ጥናት ይዞ «ስዕል ያድናል» የሚል ሰው ብዙ ነው። ጥናቱ ግን ስለ መስኮት እንጂ ስለ ስዕል አይደለም። ለኔ ትምህርቱ ሌላ ነው። በእድሳቱ ጊዜ መስኮት በመደርደሪያ ዘግታችሁ፣ ጎኑ ዛፍ ብታስስሉ ኪሳራ ነው። መጀመሪያ መስኮቱን ክፈቱ።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ከትራፊ አይምጣ። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1951 ከትምህርት ቤቶች ግንባታ፣ የአሜሪካዋ ፊላደልፊያ ደግሞ በ1959 ከሕዝባዊ ግንባታ ወጪ 1 በመቶውን ለጥበብ ሥራ የሚመድብ ደንብ አውጥተዋል። የናንተ ከተማ እንዲህ ዓይነት ደንብ ይኑረው አይኑረው፣ እናንተ ዲዛይኑ ገና ወረቀት ላይ እያለ በጀቱ ውስጥ አንዲት መስመር ጻፉ። ያኔ ስዕሉ የት እንደሚሆን ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ያውቃል፣ ማብሪያ ማጥፊያውን መሃሉ ላይ አይተክልም። ቧንቧ ሠራተኛውም ቧንቧውን በሌላ በኩል ያሳልፋል። ገንዘቡ ትንሽ ከሆነ አንድ ጥሩ ሥራ ይበቃል። አምስት ቦታ የተበተነ አምስት ደካማ ስዕል ለማንም አይጠቅምም።

ኮሚቴውን ስታቋቁሙ ነርስ አስገቡ፣ ታካሚ አስገቡ፣ ከሰፈሩ ሽማግሌም ወጣትም አስገቡ። የፅዳት ሠራተኛዋን ደግሞ በምንም እንዳትተዉ። አንድ ጊዜ ሰዓሊው በሦስት ዓይነት ቀለም የተቀባ ናሙና ሰሌዳ ይዞ መጣ። እኛ ስለ ቀለሙ ውበት እናወራለን። የፅዳት ሠራተኛዋ ዝም ብላ ተነሣችና በየቀኑ በምትጠቀምበት በረኪና ጨርቅ ነከረች። ሦስቱንም አንድ በአንድ ጠንከር አድርጋ ፈተገች። ጨርቁን ገልብጣ አሳየችን። ሰማያዊ ሆኗል። «ይሄኛው ይለቃል» አለች። ውይይቱ እዚያው አለቀ። የጤና ጣቢያ ግድግዳ በየጊዜው የሚታጠብ ግድግዳ ነው። አቧራ የሚይዝ ሸካራ ነገር፣ ጨርቅ፣ ስንጥቅ ያለው ቅርፅ ቁስል በሚታጠብበት ክፍል አይገባም። ለእንደዚያ ያለ ቦታ የተሳለ ሴራሚክ ይሻላል።

ግድግዳው ራሱም መድረቅ አለበት። አዲስ የሲሚንቶ ልስን ቢያንስ 28 ቀን ይፈልጋል፣ እርጥበት ባለበት ቦታ ከዚያም በላይ። ምርቃት ደረሰ ተብሎ ሲቸኮል ቀለሙ ይነፋል፣ ከዚያ ይላጣል። ቀላል መፈተኛ አለ። አንድ ቁራጭ ላስቲክ አራት ጠርዙን በቴፕ ግድግዳው ላይ ለጥፉና እስከ ማግስቱ ተዉት። ከውስጥ ጤዛ ከያዘ ሰዓሊውን አትጥሩ። ከተጠራም በኋላ ሽታው የሚከብድ ቀለም አይጠቀም። እዚያ የሚመጡት አስም ያለባቸውና ነፍሰ ጡሮች ናቸው።

ሰዓሊውን ምን እንዲስል ትነግሩታላችሁ? እኔ ትንሽ ብትነግሩት እመርጣለሁ። ነጭ ጋውን፣ ማዳመጫ፣ መርፌ የያዘች ነርስ አትዘዙ፣ ታካሚው እሱን በሩን ሲያልፍ ያገኘዋል። ይልቅ ሰዓሊው ሁለት ሦስት ቀን እዚያ ይዋል። ሰዎቹን ያናግር። ሰፈሩ ራሱን የሚያይበት ሥራ ይዞ ይመጣል። አለቆች ግን አንዳንዴ ይህን ይፈራሉ። እ.ኤ.አ. በ1936 በኒው ዮርኩ ሃርለም ሆስፒታል፣ በመንግሥት የጥበብ ፕሮግራም የተቀጠሩ ጥቁር አሜሪካውያን ሰዓሊዎች ንድፍ ሲያቀርቡ የሆስፒታሉ ኃላፊ አራቱን አልቀበልም አለ። ምክንያቱ የጥቁሮች ሕይወት በዛበት የሚል ነበር። ሆስፒታሉ ያለው ጥቁሮች በሚኖሩበት ሰፈር ነው! ሰዓሊዎቹ ዝም አላሉም፣ ስዕሎቹም ተሠሩ። ከብዙ ዓመት ጉዳት በኋላ ከመካከላቸው የተረፉት ታድሰው እ.ኤ.አ. በ2012 በተከፈተው አዲስ የሆስፒታሉ ሕንፃ ውስጥ ይታያሉ። ኃላፊያችሁ «ይህ አይሆንም» ሲል ማን አይሆንም እንዳለ ጠይቁ። ታካሚው ነው ወይስ እሱ?

ስለ ክፍያ አጥብቄ እለምናችኋለሁ። «ለበጎ ሥራ ነው፣ በነፃ ሥራልን» አትበሉ። እንግሊዛዊው ሰዓሊ ዊልያም ሆጋርት እ.ኤ.አ. በ1730ዎቹ የለንደኑን ሴንት ባርቶሎሚው ሆስፒታል ደረጃ ያለ ክፍያ አስውቧል። ያ ግን ራሱ ፈልጎ የሰጠው ስጦታ ነው። ነርሷ ደመወዝ አላት፣ ኮንትራክተሩ ተከፍሎታል፣ ሰዓሊው ብቻ ለምን ለምስጋና ወረቀት ይሠራል? ለመጨረሻ ዙር ሦስት ሰዎች ካስቀራችሁ ለሦስቱም የንድፍ ዋጋ ክፈሉ። ውሉ ላይ ክፍያውን ከፋፍሉት፤ ሲፈርም፣ ንድፉ ሲጸድቅ፣ ሥራው ሲያልቅ። ግድግዳው አንድ ቀን ቢፈርስ ሰዓሊው አስቀድሞ እንዲነገረው ጻፉ። ፎቶውን ማን መጠቀም እንደሚችልም ጻፉ። ጸብ የሚነሣው ሁልጊዜ ካልተጻፈው ነው።

ሥራው ሲያልቅ የተረፈውን ቀለም በትንንሽ ቆርቆሮ አሽጋችሁ፣ የቀለሙን ቁጥር ጽፋችሁ እቃ ግምጃ ቤት አስቀምጡ። ያኛውን የቅባት መስመር ለማጥፋት ስንሞክር ትክክለኛውን ሰማያዊ አላገኘንም። ጥገናው እስካሁን እንደ እራፊ ይታያል። ወንበሮቹን ግን አዙረናቸዋል።

ባለፈው አንዲት ወጣት መሐንዲስ «ገንዘቡ ጭራሽ ባይኖርስ?» ብላ ጠየቀችኝ። መስኮቱን እጠቢ፣ ወንበሩን ከመርፌ ክፍሉ በር አዙሪ፣ አንድ ግድግዳ ነጭ አድርገሽ ተዪ፣ ለሚቀጥለው ዓመት በጀት አስመዝግቢው አልኳት። ባዶ ግድግዳ ግን ጤና ጣቢያ ውስጥ ሳምንት አይቆይም። የክትባት ቀን፣ የስብሰባ ጥሪ፣ የጠፋ ካርድ ማስታወቂያ ይለጠፍበታል። ስዕልም ቢኖር በላዩ ላይ ይለጥፋሉ፣ ቴፑ ሲነሣ ቀለሙን ይዞ ይነሣል። የማስታወቂያ ሰሌዳ ዛሬውኑ ግዢና መግቢያው ላይ ስቀዪ አልኳት።