የሙያ ምክር፦ ትምህርቴን ትቼ የሮቦት ፊልም ልሥራ?

አዲስ አበባ የምትማር የአራተኛ ዓመት የኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ተማሪ ጽፋልኛለች። ደብዳቤዋ ረጅም ስለሆነ አሳጥሬ ላቅርበው። ዶርም ውስጥ ማታ ማታ በስልኳ፣ ድሮ በጥቂት ገንዘብ የተሠሩ የሳይንስ ልብ ወለድ ፊልሞችን ማየት ጀመረች። በተለይ ሰው መሳይ ሮቦት ቀስ በቀስ ሰው የሚሆንባቸውን። ሁለቱን ደጋግማ አይታቸዋለች፦ እ.ኤ.አ. በ1962 የወጣውን «ዘ ክሪኤሽን ኦቭ ዘ ሂዩማኖይድስ»ን እና በ1982 የወጣውን «አንድሮይድ»ን። አሁን ዊዝድሮው (የትምህርት ማቋረጫ ቅጽ) ሞልታ ፊልም ትምህርት ቤት መግባት ትፈልጋለች። አባቷ «ይሄ እንጀራ አይሆንም» ብለዋታል። ጥያቄዋ እንዲህ ይላል፦ «ልተወው ወይስ ልጨርሰው? ደግሞስ እንዲህ ያለ ፊልም ላይ የሚሠራ ሰው ሙያው ምንድን ነው?»

እህቴ፣ ከሁለተኛው ጥያቄሽ ልጀምር። እሱ ሲመለስ የመጀመሪያው ራሱ ይመለሳል።

የ1962ቱን ፊልም እንደገና ክፈቺውና በዚህ ጊዜ ታሪኩን ሳይሆን የሠሪዎቹን ስም አንብቢ። ራሰ በራ፣ ፊታቸው ሰማያዊ ግራጫ፣ ዓይናቸው ብርማ የሆኑትን ሮቦቶች ሜካፕ የሠራው ጃክ ፒርስ ነው። በ1931 የፍራንከንስታይንን ጭራቅ ፊት የሠራው ያው ሰው። ካሜራውን የያዘው ሃል ሞር ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ኦስካር የወሰደ ባለሙያ ነው። ዳይሬክተሩ ዌስሊ ባሪ በልጅነቱ ድምፅ አልባ ፊልሞች ላይ ታዋቂ ተዋናይ ነበር። እነዚህ ሰዎች የተሰጣቸው ጥቂት ክፍሎችና ትንሽ ገንዘብ ነው። ግን ሥራውን ያውቁታል። ፊልሙ ላይ ሰዎች ቆመው ረጅም ያወራሉ፤ ለብዙ ተመልካች ይሰለቻል። እኔን አይሰለቸኝም። ሮቦት የሚጠላ ሰው ራሱ ከእነሱ አንዱ መሆኑን ሲደርስበት ለማሳየት መንኮራኩር አያስፈልግም። የተዋናዩ ፊት፣ ትክክለኛ መብራትና ጥሩ የተጻፈ ንግግር ይበቃል።

ስለዚህ ሙያው አንድ አይደለም። ሜካፕ አለ፣ መብራት አለ፣ ድምፅ ቀረጻ አለ፣ ዲኮርና ፕሮፕስ (የቀረጻው ቦታ ግንባታና ዕቃዎቹ) አለ፣ ኤዲቲንግ አለ። ደብዳቤሽ ውስጥ «ፊልም ሠሪ» የሚለውን ቃል ደጋግመሽ ጽፈሻል። ቀጣሪ ግን «ፊልም ሠሪ ፈልጉልኝ» አይልም። «ይቺን የሮቦት እጅ የሚያንቀሳቅስልኝ ሰው ፈልጉልኝ» ነው የሚለው። አንቺ የዚያች እጅ ሰው ልትሆኚ ትችያለሽ። ይሄን በደንብ እንድታስቢበት እፈልጋለሁ።

«አንድሮይድ»ን እንውሰድ። የተሠራው ሮጀር ኮርማን በሚባለው ፕሮዲዩሰር ኩባንያ ነው። ኮርማን ሎስ አንጀለስ፣ ቬኒስ ሰፈር ውስጥ የነበረ የድሮ የእንጨት መሸጫ ግቢ ገዝቶ ስቱዲዮ አድርጎት ነበር። እዚያ ግቢ ውስጥ ምንም ነገር አይጣልም ነበር። ለአንድ የጠፈር ፊልም የተሠራ ዲኮር ለሚቀጥለው ቀለሙ ተቀይሮ ይቀረጽበት ነበር። «አንድሮይድ»ም የተቀረጸው ከዚያ በፊት ለተሠሩ ፊልሞች በተገነባ ዲኮር ላይ ነው። የሃምበርገር ማሸጊያ የፎም ሣጥን ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ቀለም ሲቀባ የመንኮራኩር ኮሪደር የሆነውም እዚያው ግቢ ነው። ዛሬ ታዋቂ ዳይሬክተር የሆነው ጄምስ ካሜሮን በ1980 ለወጣ የጠፈር ፊልም ሞዴል ሠሪ ሆኖ ነው በዚያ በር የገባው። በኋላ ታዋቂ ተዋናይ የሆነው ቢል ፓክስተንም እዚያ ዲኮር ያሰናዳ ነበር። ሁለቱም ዳይሬክተር ነኝ ብለው አልገቡም። እጃቸው የሚችለውን ይዘው ገቡ፤ ከዚያ ሌላው መጣ።

አሁን የምትይኝን አውቃለሁ። «ካሜሮን እኮ ኮሌጅ አቋርጦ መኪና ይነዳ ነበር!» ልክ ነሽ። ፊዚክስ ጀምሮ ትቶ የጭነት መኪና ነድቷል። ግን እሱ የሚኖረው ሆሊውድ አጠገብ ነበር። በየሳምንቱ ሰው የሚፈልግ ስቱዲዮ በመኪና የሚደርስበት ቦታ አለ። አንቺ ትምህርት ብታቋርጪ ማግስቱን የምታንኳኪው እንዲህ ያለ በር አዲስ አበባ ውስጥ ላሳይሽ አልችልም። ይልቅ ሌላ ሰው ላሳይሽ። ጌል አን ኸርድ ትባላለች። በ1977 ከስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመረቀች። ዲግሪዋን ይዛ ኮርማን ቢሮ ረዳት ሆና ገባች። እዚያ እያለች ፊልም እንዴት በጀት እንደሚወጣለት፣ እንዴት ፕሮግራም እንደሚያዝለት ከሥር ጀምራ ተማረች። በ1984 የወጣውን «ተርሚኔተር»ን ከካሜሮን ጋር ጻፈች፤ ፕሮዲዩሰሯም እሷ ናት። ዲግሪው አላዘገያትም።

እና መልሴ ግልጽ ነው፦ ዊዝድሮው አትሙዪ። አንድ ዓመት ከምናምን ነው የቀረሽ። የኤሌክትሪካል ትምህርትሽን ከፊልሙ የሚያርቅሽ ነገር አድርገሽ አትዪው። ሞተር፣ ሴንሰር፣ ሰርክዩት፣ ኤልኢዲ መብራት፣ ይሄ ሁሉ ለምትወጃቸው ፊልሞች ጥሬ ዕቃ ነው። ለፋይናል ፕሮጀክትሽ ዓይኑን የሚያዞር፣ ቅንድቡን የሚያነሳ ፊት ብትሠሪ አማካሪሽ «ይሄ ኢንጂነሪንግ አይደለም» የሚልበት ምክንያት የለውም። ኮንትሮል ሲስተም (እንቅስቃሴን የሚቆጣጠር ሥርዓት) ነው።

ሁለቱ መንገዶች ደግሞ ካሰብሽው በላይ ይቀራረባሉ። ሶፊያ የምትባለውን ሮቦት ሳታውቂያት አትቀሪም። እ.ኤ.አ. በ2018 አዲስ አበባ መጥታ ነበር። የሠራት ዴቪድ ሃንሰን የመጀመሪያ ዲግሪው በፊልም፣ አኒሜሽንና ቪዲዮ ነው፤ ከሮድ አይላንድ ስኩል ኦቭ ዲዛይን። ከዚያ ዲዝኒ ቀራፂ ሆኖ ሠርቷል። ዶክትሬቱን ያገኘው ከዚያ በኋላ ነው። ከሶፍትዌሯ የተወሰነው ክፍል ደግሞ የተሠራው እዚሁ አዲስ አበባ፣ አይኮግ ላብስ በተባለ የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ኩባንያ ውስጥ፣ በኢትዮጵያውያን ወጣቶች ነው። ሃንሰን ከፊልም ተነስቶ ወደ ሮቦት ሄደ። አንቺ ከሮቦት ተነስተሽ ወደ ፊልም ብትሄጂ ምን ይገርማል? ኢንተርንሺፕ ስትወጪ እንዲህ ዓይነት ቦታ ጠይቂ። ፊልሙ ባይሳካ እንኳ የምትኖሪበት ሙያ ይዘሻል፤ ቢሳካ ደግሞ ሌላው የሌለው ችሎታ አለሽ።

ፊልም ትምህርት ቤቱን አልከለክልሽም። ከተመረቅሽ በኋላ አጭር ኮርስ መውሰድ ትችያለሽ፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም በፊልም ሁለተኛ ዲግሪ ያስተምራል። ግን ኮርሱን ሳትጠብቂ ዘንድሮ አንድ ነገር ሥሪ፦ አጭር ፊልም።

እንዴት? አንድ ክፍል፣ ሁለት ሰው። አንዱ ሮቦት ነው። ስክሪፕቱ ከስምንት ገጽ አይብለጥ፤ በፊልም ሙያ አንድ ገጽ በግምት አንድ ደቂቃ ነው። ክፍሉን አትሥሪ፤ ያለውን ተጠቀሚ። የትምህርት ክፍላችሁ ቤተ ሙከራ ወይም የአሮጌ ዕቃ መጋዘን ፈቃድ ከተገኘ ከየትኛውም ዲኮር ይበልጣል። «ክራምብስ» የተባለውን እ.ኤ.አ. የ2015 ፊልም አይተሽው ይሆናል። ስፔናዊ ዳይሬክተር ነው የሠራው፤ ዋናው ተዋናይ ዳንኤል ታደሰ ነው። ዳሎልን የመሰለ ቦታ ካሜራ ፊት ሲቀመጥ ሌላ ፕላኔት መገንባት አላስፈለገም። ቁሳቁስ ሲያጥርሽ መርካቶ ምናለሽ ተራ ውረጂ። የተሰበረ ፕሪንተር፣ የማራገቢያ ሞተር፣ የአሮጌ ቴሌቪዥን ቦርድ ታገኛለሽ። ስትገዢ ዕቃው ምን እንደሆነ ሳይሆን ካሜራ ውስጥ ምን እንደሚመስል አስቢ።

ገንዘብሽን ግን ሮቦቱ ላይ አትጨርሺ። እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪ ይሳሳታል። «አንድሮይድ» ውስጥ ሮቦቱን ማክስ 404ን አስታውሺ። ፊቱ ላይ ሽቦ የለም። ጠፈር ጣቢያ ላይ የሚኖር ዓይን አፋር ልጅ ነው፤ ከምድር የመጡ አሮጌ ፊልሞችን እያየ የሰውን አነጋገርና አረማመድ ይቀዳል። ሮቦትነቱን የምናየው በአኳኋኑ ነው። የተጫወተው ዶን ኦፐር ከስክሪፕቱ ጸሐፊዎች አንዱ ነው፤ ለዚህም ይመስለኛል እያንዳንዱ ትንሽ እንቅስቃሴ ምክንያት ያለው የሚመስለው። አንቺም ተዋናይሽን ይዘሽ ለረጅም ጊዜ ተለማመዱ። ዓይኑን መች ያርገበግባል? ሲጠሩት አንገቱ ነው መጀመሪያ የሚዞረው ወይስ ዓይኑ? ከመመለሱ በፊት ምን ያህል ዝም ይላል? ከዚያ በፊልሙ አጋማሽ ላይ አንዷን ልማድ እንዲጥላት አድርጊ። ሰው መሆን የጀመረው እዚያች ላይ ነው። ተመልካቹ ይገባዋል፤ በቃል እንዲናገረው አታድርጊ።

ድምፁን ነገር አደራ። የሀገራችን ፊልም ተመልካች ደካማ ምስል ይታገሳል፤ የማይሰማ ንግግር ግን ያስነሳዋል። ማይክ መግዛት ካልቻልሽ ሁለተኛ ስልክ ከተዋናዩ ደረት አጠገብ ደብቀሽ ቅጂ። ፍሪጅና ማራገቢያ ካለ ይጥፋ።

ስትሠሪ እያንዳንዱን ደረጃ ፎቶ አንሺ፦ ከጥራጊው እስከ መጨረሻው። ሥራ ስትጠይቂ የምታሳዪው ይሄን ነው። እኔ ብሆን መጀመሪያ የማመለክተው ማስታወቂያ የሚሠሩ ድርጅቶች ጋ ነው። ለአንድ ቀን ቀረጻ የሚንቀሳቀስ ነገር የሚያስፈልጋቸው እነሱ ናቸው፤ ክፍያውም ቶሎ ይመጣል። ሲቀጥሩሽ ዋጋውን በጽሑፍ ተስማሚ። ዕቃ ከመግዛትሽ በፊት ቀብድ ተቀበዪ። ስምሽ ፊልሙ መጨረሻ ላይ እንዲጻፍ ቀድመሽ ጠይቂ። የማታ ቀረጻ ከሆነ ማን ማን እንደሚኖርና ወደ ቤት በምን እንደምትመለሺ ሳታውቂ እሺ አትበዪ። ይሄን መጠየቅ ነውር አይደለም። መልስ ለመስጠት የሚያቅማማ ሰው ጋ ባትሄጂ ይሻላል።

አባትሽን በተመለከተ ደብዳቤሽ ላይ የተናደድሽ ትመስያለሽ። እሳቸው ግን የፈሩት ፊልሙን አይመስለኝም። ለአራት ዓመት የደከሙበት ትምህርት እንዳይቋረጥ ነው። «አላቋርጥም» ብለሽ ጀምሪላቸው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ወሬ ይቀላል። ፊልሞቹንም በቃል ልታስረጃቸው አትሞክሪ። የሠራሻትን እጅ ወይም ፊት ቤት ይዘሽ ሂጂና ፊታቸው አስነሺያት። ካሉ ጓደኞቻቸው ሜካኒክ ወይም ኤሌክትሪሺያን የሆነ ሰው አብሮ ቢያይ ደግሞ የተሻለ ነው፤ እሱ ያብራራላቸዋል።

አሁን ፈተናሽን ጨርሺ። ስክሪፕቱን ክረምት ላይ ጻፊውና ላኪልኝ፤ አነበዋለሁ። ሮቦቱ የትኛዋን ልማድ እንደሚጥል ከላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፊልኝ፤ ከሱ እንጀምራለን።