«ቦርሳዬ በተሸጠ ቁጥር የባለቤቴ ፊት ይጠቁራል»

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ ከተጋባን ስምንት ዓመት ሆኖናል። ሁለታችንም ተቀጥረን በምንሠራበት ጊዜ ማታ ማታ እኔ የቆዳ ቦርሳ እሰፋ ነበር፤ እሱ ደግሞ ከእንጨት የመብራት ማቆሚያና ትናንሽ ሣጥኖች ይሠራ ነበር። በአንድ ጠረጴዛ፣ እሱ በወዲያ ጫፍ እኔ በወዲህ ጫፍ ሆነን እስከ እኩለ ሌሊት እንሠራ ነበር፤ ከትዳራችን የምወደው ጊዜ እሱ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ሥራችንን ለቀን ሁለቱንም የእጅ ሥራ ወደ ንግድ ለወጥናቸው። የእኔ ቦርሳ ገበያ አገኘ። የእሱ ሥራ ግን ጊዜ ይፈጃል፣ ዋጋውም ይወደዳል፤ ገዢ አጣ። አሁን የእኔን ትዕዛዝ ያሽጋል፣ ያደርሳል፣ ሒሳቡን ይይዛል። ትልቅ ትዕዛዝ አገኘሁ ብዬ በደስታ ስነግረው «የጀርባው ስፌት ግን ተጣሟል» ይለኛል። በቅርቡ ደግሞ በእንግዶች ፊት «እኔ የእሷ ተላላኪ ነኝ» ብሎ ሳቀ፤ እኔ ግን አልሳቅሁም። ሁለቱን ሥራ በአንድ ስም ላዋህዳቸው? ወይስ የእኔን ልተወው? ይምከሩኝ።

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በደብዳቤዎ ውስጥ ከሁሉም በላይ ቀልቤን የሳበው በእንግዶች ፊት የተነገረው ቀልድ ነው። ባልና ሚስት ሰው ባለበት የሚወራወሩት ቀልድ ብዙ ጊዜ ለብቻቸው ሲሆኑ ሊናገሩት ያልደፈሩትን ቅሬታ ያዘለ ነው፤ ሌላው ቅር ከተሰኘ «ቀልዴን እኮ ነው» ለማለት መውጫ ይሰጣልና። ስለዚህ ባለቤትዎ የተናገሩትን መንገድ እንዳጣ አቤቱታ አድርገው ይውሰዱት።

ዙሪያውን ዞሩት እንጂ ባለቤትዎ ይቀኑብኛል ብለው በቀጥታ አልጻፉም። እንዲህ ዓይነቱ ቅናት ግን ፍቅር የማለቁ ምልክት አይደለም። አሜሪካዊው የማኅበራዊ ሥነ ልቦና ተመራማሪ አብርሃም ቴሰር እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ እንዳብራራው፣ የቅርብ ሰው ስኬት እንደየሁኔታው ሊያኮራንም ሊያቆስለንም ይችላል። ስኬቱ እኛ ራሳችንን በማንመዝንበት መስክ የተገኘ ከሆነ ለሰው ሁሉ እናወራዋለን፣ ክብሩንም እንጋራዋለን። ራሳችንን በምንመዝንበት መስክ ሲሆን ግን ያው ቅርበት ሕመም ይሆናል፤ ሰውየው በቀረበን መጠን ንጽጽሩም ይበረታል። ባለቤትዎ ነርስ ወይም የሒሳብ መምህር ቢሆኑ ኖሮ ቦርሳዎን አንግተው ለጎረቤት የሚያሳዩት እሳቸው ራሳቸው በሆኑ ነበር። እሳቸው ግን ሰውነታቸውን በእጃቸው ሥራ የሚለኩ ሰው ናቸው፤ በዚያ ላይ ሁለታችሁ በአንድ ወቅት ከአንድ ጠረጴዛ ተነሥታችሁ አንዱ ሲደርስ ሌላው መንገድ ላይ ቀርቷል። ከዚህ የቀረበ ንጽጽር ለማንም ሰው አይገጥመውም።

ቴሰር እንደሚለው፣ ሰው ከዚህ ሕመም ለመውጣት ሲሞክር ከሰውየው ይርቃል፣ ወይም ሙያውን እንደማያስፈልገው ቆጥሮ ይተወዋል፣ ወይም በራሱና በሌላው ውጤት መካከል ያለውን ልዩነት ለማጥበብ ይጥራል። «ስፌቱ ተጣሟል» የሚለው አስተያየት ከዚህ ከመጨረሻው ወገን ይመስለኛል። በነገራችን ላይ ስፌቱ በእርግጥም ተጣሞ ሊሆን ይችላል። በወስፌ የተበሳው ቀዳዳ በጥቂቱ እንኳ ከመስመር ከወጣ የተለማመደ ዓይን ወዲያው ይይዘዋል፤ ዓመታትን በመሮና በመላጊያ ያሳለፈ ሰው ደግሞ አይቶ እንዳላየ ማለፍ አይሆንለትም። ችግሩ ያለው አስተያየቱ በተሰጠበት ሰዓት ላይ ነው። ሼሊ ጌብል የተባለች ተመራማሪና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ጥናት፣ አንድ ሰው መልካም ዜና ይዞ ሲመጣ የትዳር አጋሩ የሚሰጠው ምላሽ ከግንኙነቱ ጥንካሬ ጋር በእጅጉ የተያያዘ መሆኑን አሳይተዋል። ዜናውን በፍላጎት ተቀብሎ «እንዴት ሆነ? ምን አሉሽ?» ብሎ የሚጠይቅ አጋር ያለው ሰው በግንኙነቱ ይበልጥ ይረካል። ዜናውን ችላ ማለትና ጉድለት መፈለግ ግን ዝቅተኛ እርካታ ካለበት ግንኙነት ጋር አብረው ይታያሉ። እርስዎ የሚጎድልዎት ይህ ነው፤ የሚጎድልዎትን መጠየቅም መብትዎ ነው።

አሁን ወደ ባለቤትዎ ልለፍ፤ የእሳቸው ጉዳት ከእርስዎ የተደበቀ ይመስለኛልና። እንጨቱ ድሮ የማታ መደሰቻቸው ነበር። ሣጥኑ ክዳኑ ሳይንቀራፈፍ እንዲገጥም ሦስት ምሽት ቢፈጅ ማንም አይጠይቃቸውም ነበር። ዋጋ ከተለጠፈበት በኋላ ግን እነዚያ ሦስት ምሽቶች «ውድ ነው» በሚል አንድ ቃል የሚጠቃለሉ ሆኑ። የእጅ ሥራን ዋጋ መተመን የሚከብደው በዚህ ምክንያት ነው፤ ገዢው የሚያየው ያለቀውን ሣጥን እንጂ የተላገበትንና በብርጭቆ ወረቀት ደጋግሞ የታሸበትን ሰዓት አይደለም፤ ሠሪው ደግሞ ያንን ሰዓት ሊረሳው አይችልም። ማይክል ኖርተንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት ሰዎች በገዛ እጃቸው ላበጁት ተራ ዕቃ ከሌላው ሰው የላቀ ዋጋ እንደሚሰጡ አሳይተዋል። ታዲያ ባለሙያ የሆነ ሰው ልቡን ያፈሰሰበት ሥራ መደርደሪያ ላይ አቧራ ሲጠጣ፣ ያልተሸጠው እንጨቱ ሳይሆን ራሱ መስሎ ቢሰማው አይፈረድበትም።

ከዚህም ሌላ ትርፍ ወደ ጨዋታ ሲገባ ጨዋታው ራሱ ይለወጣል። ማርክ ሌፐር፣ ዴቪድ ግሪንና ሪቻርድ ኒስቤት እ.ኤ.አ. በ1973 ባደረጉት የታወቀ ጥናት፣ ሥዕል መሣል የሚወዱ ሕፃናትን በሦስት ቡድን ከፍለው ለአንዱ ቡድን «ከሣላችሁ ሽልማት ታገኛላችሁ» አሏቸው። ከአንድ ሁለት ሳምንት በኋላ ቀለሙ ያለ ምንም ሽልማት ሲቀመጥላቸው፣ ሽልማት እንደሚያገኙ ቃል ተገብቶላቸው የሣሉት ሕፃናት በሥዕል ያሳለፉት ጊዜ ከሌሎቹ በግማሽ ያህል አነሰ። ሽልማቱን ሳይጠብቁት ያገኙት ሕፃናት ግን ፍላጎታቸው አልቀነሰም። የሕፃናት ውጤት ለትልቅ ሰው ትዳር እንዳለ አይገለበጥም፤ ነገር ግን ሁለታችሁም ማታ ማታ ያጣችሁትን ነገር በከፊል ያስረዳል። እርስዎ ቢያንስ በምትኩ ገበያ አግኝተዋል። ባለቤትዎ ጨዋታውን አጡ፣ ገበያውንም አላገኙም፤ በዚያ ላይ ቀኑን ሙሉ የሚያሽጉት የሌላ ሰው ስኬት ነው።

እዚህ ላይ አንድ የማይመች ጥያቄ ላንሣ። «ያሽጋል፣ ያደርሳል፣ ሒሳቡን ይይዛል» ብለው በአንድ መስመር የጻፉት ሥራ እንዴት የእሳቸው ሆነ? ተነጋግራችሁበት ነው ወይስ ትዕዛዙ ሲበዛ ቀስ በቀስ ወደ እሳቸው ተንሸራተተ? ማይክል ሮስና ፊዮሬ ሲኮሊ እ.ኤ.አ. በ1979 ባልና ሚስቶችን ለየብቻ «ከቤት ውስጥ ሥራ የእርስዎ ድርሻ ምን ያህል ነው?» ብለው ሲጠይቁ፣ የብዙዎቹ ጥንዶች መልስ ሲደመር ከመቶ በመቶ በላይ ሆነ። ይህ የሆነው ሰዎቹ ስለዋሹ አይደለም፤ ሰው የራሱን ድካም ከሌላው ድካም ይልቅ በቀላሉ ስለሚያስታውስ ነው። በእናንተም ቤት እርስዎ የሚያስታውሱት የመርፌውን ሌሊት ነው፤ ባለቤትዎ የሚያስታውሱት ደግሞ ካርቶኑን፣ ደረሰኙንና ደጅ ላይ የጠበቁትን ደንበኛ ነው። ሌላው ሰው የሚሠራውን እያንዳንዳችሁ ለየብቻ ብትጽፉና ወረቀቱን ብትለዋወጡ፣ ብዙ ምክር ከሚሠራው በላይ ይሠራል ብዬ አምናለሁ።

ሁለቱን ሥራ በአንድ ስም ስለማዋሐድ ለጠየቁኝ መልሴ፣ አሁን አይሁን የሚል ነው። በቅን ልብ እንዳሰቡት አልጠራጠርም፤ ይሁን እንጂ አንዱ እየሸጠ ሌላው ሳይሸጥ የሚደረግ ውሕደት ልዩነቱን ከውጭ ሰው ይሰውራል እንጂ ከባለቤትዎ አይሰውርም። በሥራው መግቢያ ላይ ስማቸው ቢጻፍም፣ በየወሩ ገቢው ከየትኛው እጅ እንደመጣ የሚያውቁት ራሳቸው ሒሳብ ያዡ ናቸው። ለተመሳሳይ ምክንያት፣ ወዳጆቻችሁ «እሱ የእንጨት እጀታ እየሠራ ከቦርሳው ጋር አብራችሁ ሽጡ» ማለታቸው አይቀርምና፣ ያም ለጊዜው ይቆይ። የእንጨቱ ሥራ በራሱ እግር ከቆመ በኋላ ጥሩ ሐሳብ ሊሆን ይችላል፤ ዛሬ ግን እንጨቱን የቆዳው ጌጥ ያደርገዋል፣ ተላላኪነቱንም በሌላ መልክ ይመልሰዋል።

ከመዋሐድ ይልቅ መለየት ይቅደም። ለሁለቱ ሥራዎች ሁለት የሒሳብ መዝገብ ይኑራቸው፤ ቤተሰቡ የሚተዳደርበት ገንዘብ ግን የጋራ እንደሆነ ይቀጥል። ባለቤትዎ ለቦርሳው ሥራ የሚያውሉት ሰዓት ተቆርጦ ይታወቅ፣ እንደማንኛውም ወጪ በቦርሳው መዝገብ ክፍያ ይያዝለት፤ አቅም ሲፈቅድ ደግሞ ለማሸጉና ለማድረሱ ሌላ ሰው ይቀጠር። ለባል ክፍያ መመዝገብ ባዕድነት የሚመስላቸው ሰዎች አሉ፤ እኔ ግን በሙያዬ ካየሁት፣ ቤት ውስጥ ቂም የሚያበቅለው የተቆጠረው ድካም ሳይሆን ያልተቆጠረው ነው። ውሳኔን በተመለከተም በቆዳው የመጨረሻው ቃል የእርስዎ፣ በእንጨቱ የእሳቸው ይሁን። ስለ ሌላው ሥራ አስተያየት መስጠት የሚቻለው ባለሙያው ሲጠይቅ ብቻ እንዲሆን ተስማሙ። ይህ ስምምነት እርስዎንም ያስራል። «አነስ ያለና ርካሽ ነገር ብትሠራ ይሸጥ ነበር» ማለት እንደሚያምርዎት እገምታለሁ፤ ምናልባትም ልክ ነዎት። ካልጠየቁዎት ግን አይንገሯቸው፤ ከተሳካለት ሰው አፍ የሚወጣ ያልተጠየቀ ምክር ፍርድ ሆኖ ይሰማልና።

ንግግሩን እንዴት ልጀምረው ይሉኝ ይሆናል። የትዳር ተመራማሪው ጆን ጎትማን ባለትዳሮችን እያነጋገረ በቀረጻ ባጠናቸው ጊዜ፣ የጭቅጭቅ አጀማመር፣ በተለይም የመጀመሪያዎቹ ሦስት ደቂቃዎች፣ ስለ አጨራረሱ ብዙ እንደሚናገሩ አስተውሏል። ስለዚህ ትዕዛዝ ባልተጣደፈበት፣ ሁለታችሁም ባልደከማችሁበት ሰዓት፣ «አንተ ሁልጊዜ ታዋርደኛለህ» ከማለት ይልቅ እንዲህ ቢሏቸው ይሻላል፦ «እንግዶቹ በነበሩ ቀን የተናገርከው ከልቤ አልወጣ አለኝ። ደክሞህ ወይም ከፍቶህ ከሆነ ከአንተው መስማት እፈልጋለሁ፤ አልከራከርህም።» የመጀመሪያው መልስ «ቀልድ ነበር እኮ» የሚል ይሆናል ብዬ እጠብቃለሁ። «ለእኔ ቀልድ አልመሰለኝም፤ ዛሬ ካልሆነ ሌላ ቀን ንገረኝ» ብለው ይተዉት፤ አይጫኑ። ብዙ ወንዶች እንዲህ ያለውን ነገር ዓይን ለዓይን ተቀምጠው ከሚናገሩት ይልቅ እጃቸው ሥራ ላይ ሳለ መናገር ይቀላቸዋል፤ የድሮው ጠረጴዛ እዚህ ላይ ያገለግላል።

ስለ ጠረጴዛው ካነሣሁ አይቀር፣ በሳምንት አንድ ምሽት የማይሸጥ ነገር የምትሠሩበት ይሁን። ፎቶ አይነሣ፣ ለደንበኛ አይታይ፣ ስልኩም ሌላ ክፍል ይቀመጥ። እርስዎ በተራረፈ ቆዳ የፈለጉትን ይስፉ፤ እሳቸውም ዋጋ የማይለጠፍበትን ሣጥን ይሥሩ። በመጀመሪያዎቹ ምሽቶች ወሬው ተመልሶ ትዕዛዝ ላይ ቢያርፍ አይደንግጡ፤ ሁለት ዓመት የተለመደ ነገር በአንድ ጊዜ አይለቅም።

ይህ ሁሉ የሚሠራው በመካከላችሁ መከባበር እስካለ ድረስ ነው። ጎትማን ለትዳር መፍረስ ከሁሉ የበለጠ ምልክት ሆኖ ያገኘው ንቀትን ነው፤ ፌዙ እየበረታ ቢሄድ፣ ስድብ ወይም ማስፈራራት ቢጨመርበት፣ ገንዘብ መደበቅ ቢጀመር፣ በደብዳቤ ምክር አትወሰኑ፤ ሁለታችሁም በአካል ባለሙያ ዘንድ ቅረቡ። ባለቤትዎ ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ አብዛኛውን ቀን ቢከፋቸው፣ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ቢያጡ፣ የሚወዱትን እንጨት እንኳ መንካት ቢያስጠላቸው ደግሞ ነገሩ ከቅናት አልፎ የድባቴ ሕመም ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ወይም የሥነ ልቦና ባለሙያ ቶሎ ሊያያቸው ይገባል።

የመጨረሻውን ጥያቄዎን፣ ማለትም «የእኔን ልተወው?» ያሉትን፣ ሳልመልስ አላልፍም። አይተዉት። እርስዎ መርፌውን ቢያስቀምጡ የባለቤትዎ ሣጥን አይሸጥም፤ ቤቱ ገቢውን ያጣል፣ እሳቸውም ለእርስዎ መስዋዕትነት ተጠያቂ ይሆናሉ። ልተወው ብለው ማሰብዎንም አይንገሯቸው፤ ለተጎዳ ሰው ያልጠየቀውን ውለታ ማሸከም ይሆናል። ይልቅ የሚቀጥለው ትዕዛዝ ሲመጣ ዜናውን ከመናገርዎ በፊት «አሁን አብረኸኝ ደስ እንዲልህ ብቻ ነው የምነግርህ፤ ስፌቱን ነገ ታየዋለህ» ይበሏቸው፤ በማግሥቱም ቦርሳውን ራስዎ አምጥተው ያሳዩዋቸው።